የተገለበጠችው ሰዓት

«ካፒቴን፣ ይህቺ የእርስዎ ሰዓት አይደለችም።»

የሰዓት ገማቹ ይህን የተናገረው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሣ ነበር። ካፒቴኑ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ገማቹ ግን አልሳቀም። ካፒቴኑ ተነሡና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ፖሊስ የጠራችው ልጃቸው ናት።

ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ሲደርሱ ሳሎኑ ውስጥ ገማቹ ብቻውን ተቀምጦ ጠበቃቸው። ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ የጀርባ ክዳኗ የተከፈተ የእጅ ሰዓት ተቀምጣለች።

ነገሩ አጭር ነው። ካፒቴኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲያበሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሮጌ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ ይወዳሉ፤ መሳቢያቸው ሙሉ ሰዓት ነው። ከሁሉም የሚያስበልጡት ግን ከመጀመሪያ በረራቸው ጀምሮ ያሰሯትን ይህቺን ነበር። አሁን ለተማሩበት የበረራ ትምህርት ቤት ሊያበረክቷት ቃል ገብተዋል። ትምህርት ቤቱም በመስታወት ሣጥን ከማኖሩ በፊት ኦሪጅናል መሆኗን እንዲያረጋግጥለት ገማቹን ላከ። ገማቹ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው።

«እንዴት አወቁ?» አለች ኢንስፔክተሯ። ስለማታውቀው ነገር መጠየቅ የማይሰለቻት ሴት ናት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከውጭ ብቻ ባያት እኔም እሸወድ ነበር። ውስጧን ይመልከቱ።» በወረንጦው ጫፍ አመለከተ። «ይህ የርካሽ ሰዓት ማሽን ነው። የኦሪጅናሏ ፊደል ብረቱ ውስጥ ተቆርጦ የገባ ነው፤ ይሄ ግን ላዩ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። በጥፍርዎ ቢፍቁት ይነሣል።»

ኢንስፔክተሯ በጥፍሯ ፋቀችው። እውነትም ከአንዱ ፊደል ጫፍ ትንሽ ተነሣ።

«ውጭዋን የሠራው ግን እሳት የላሰ ነው» አለ ገማቹ ሰዓቷን ገልበጥ አድርጎ። «ይህቺን ጭረት ያዩዋታል? አራት ቁጥር አጠገብ፣ መስታወቱ ላይ። የካፒቴኑ ሰዓት ላይ ያለችው ጭረት ናት። ቦታዋም ርዝመቷም ያው። ሰዓቷን በእጁ ይዞ ያላጠና ሰው ይህን አይሠራም።»

ሳጅኑ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ከአለቃው በዕድሜ ብዙ የሚበልጥ ሰው ነው። «እንግዲህ ይዟት የነበረውን ሰው ፈልጉ እያሉን ነው።»

«እኔ ሰዓት ነው የምመረምረው» አለ ገማቹ። «ሰው የእናንተ ሥራ ነው።»

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ካፒቴኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ትከሻቸው ላይ እጇን ጣል አድርጋ ቆማለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት።

«ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነበረች» አሉ ካፒቴኑ። «በእጄ ላይ ሳለች ትክክል ናት። ማታ ሳወልቃት ነው የምታስቸግረኝ። ጠቋሚዎቿ በጨለማ ያበራሉ፣ እንቅልፍ ስለሚነሡኝ በፊቷ ነው የማስተኛት። ጠዋት ስነሣ ዘግይታ አገኛታለሁ። ትምህርት ቤቱ ፊት እንዳታሳፍረኝ ብዬ ላክኋት።»

«መቼ ተመለሰች?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ ያመጣኋት» አለች ልጃቸው። «ከጋሽ ደቂቃ ሱቅ።»

«እንደመጣች አዩዋት፣ ካፒቴን?»

«አላየሁም። ከነጨርቋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳት። ከዚያ ሰው እጅ የመጣች ሰዓት መርምሬ አላውቅም።» ከአንገታቸው ክር ሳብ አድርገው ትንሽ ቁልፍ አሳዩ። «ይኸው ቁልፉ። ስተኛም አይወልቅም።»

«ማታ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበር?»

«ታናሽ ወንድሜ እራት በልቶ ሄደ» አለች ልጃቸው። ከዚያ አመነታች። «አንድ ነገር አለ። ልናገረው አልናገረው እያልኩ ነው።»

«ተናገሪው።»

«ከትናንት በስቲያ ደውዬላቸው ነበር፣ ሰዓቷ ደረሰች ወይ ብዬ። ጋሽ ደቂቃ ‹ኮፒ አድርጌያታለሁ፣ ነገ ትደርሳለች› አሉኝ። ያኔ ቁጥሯን ምናምን መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ካፒቴኑ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አዎ፣ አባዬ። በስልክ።»

ሽማግሌው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና ኮመዲኖው ላይ አስቀመጡት።

* * *

ሰዓት ሠሪው ጋሽ ደቂቃ የተባሉት ማን ምን ቢላቸው መልሳቸው «አንድ ደቂቃ» ስለሆነ ነው። ሳጅኑ ሊይዛቸው ሲመጣም «አንድ ደቂቃ» ብለው በወረንጦ የያዙትን ብሎን ቦታው አስገብተው ተነሡ። ይህንን ሳጅኑ ራሱ ነው ለኢንስፔክተሯ የተረከላት። «ካቴናዬን ዘርግቼ ቆሜ እየጠበቅኋቸው ነበር፣ አለቃ። ተገልጋይ መስዬ።»

ማረፊያ ቤት ውስጥ ግን ጋሽ ደቂቃ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው ብቻ አላርፍ ብለው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያሽከረክራሉ።

«ኮፒ አድርጌያታለሁ ብለው ተናግረዋል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም፣ ልጄ።»

«ታዲያ በስልክ ምን አሏት?»

«ነገ ትደርሳለች። ሌላ ምን እላለሁ? እያየኋት ነው ብያት ይሆናል። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ የምናገረውን ሁሉ መቼ አስታውሳለሁ?»

«ሰዓቷን ምን አደረጓት?»

«ፈታኋት። አጠብኳት። ዘይቷን ለወጥኩ። ወለወልኳት።» ይህቺን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «ችግሯን ግን አልጨረስኩላትም። ምቷን የሚጠብቀው የሚዛን ጎማዋ ጫፍ ተበልቷል፤ ያ ዕቃ ተፈልጎ መምጣት አለበት። ለካፒቴኑ ራሴ ልነግራቸው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ዓይናቸውን መስበራቸውን ልብ አለች። የሚደብቁት ነገር አለ። ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃቸው እንደማይነግሯትም ገባት።

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ያቀርቡኛል አሉ» አሉ ጋሽ ደቂቃ።

«አለቆቼ መዝገቡን ፈልገውታል።»

«ነጻ ነህ ብባልስ ምን ይረባኛል? ጥርስ ሐኪም ቢሆን ጥርስሽ አፍሽ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራልሽ። ሰዓት ግን አውልቀሽ ትተሽልኝ ነው የምትሄጂው። ‹ያ ሰዓት የለወጠው ሰውዬ› ከተባልኩ ማን ትቶልኝ ይሄዳል? ሌላ ሙያ የለኝም።»

* * *

የካፒቴኑ ታናሽ ልጅ የሞባይል ሱቅ አለው። ፖሊሶቹ ሲገቡ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ትልቅ የወርቅ ቀለም ያለው ሰዓት የታሰረበትን እጁን ዘረጋ።

«ስለዚህ ሰዓት ልትጠይቁኝ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ኮፒ ነው። ኮፒ ብቻ አይደለም፣ የኮፒ ኮፒ ነው። ሴት ልጅ ጋር ስሆን ብቻ ኦሪጅናል ይሆናል።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ትናንት ማታ አባትህ ቤት ነበርክ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ነበርኩ። እራት በላሁ። አባዬ የሪሞት ባትሪ ግዛልኝ አለ፣ ገዛሁ፣ ያልሆነ ቁጥር አመጣህ ብሎ ሰደበኝ፣ ሄድኩ። መሳቢያው ያለው መኝታ ክፍሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁልፉን እንደ ክታብ በአንገቱ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ያቺን ሰዓት አንድ ቀን አስሬያት አላውቅም። ሕፃን ሆኜ ስነካት በጥፊ ብሎኛል።»

«ትጠላታለህ?»

«ከእኔ ይልቅ ትቀርበው ነበራ» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ሰው እህቱን ይሰርቃል እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ የሰዓቱን ማሰሪያ ዳበሰች። «እንዲህ ዓይነቱን ማዘዝ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ይህን? ዛሬ ከፈለግሽ ዛሬ። በኩንታል ነው የሚመጣው።»

«አንድ ሰው ያለውን ሰዓት፣ ከነጭረቱ አስመስላችሁ ሥሩልኝ ብልስ?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁምነገረኛ ሆነ። «እሱ ሌላ ነው። ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስተሽ ትልኪያለሽ። ሠርተው ያሳዩሻል፣ ይሄ ልክ አይደለም ትያለሽ፣ ይመልሱታል። ወራት ይፈጃል። እኔ ግን ጭረት ብሎ ያዘዘ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚያዘው አዲስ እንዲመስልለት ነው።»

መንገድ ላይ ኢንስፔክተሯ በጣቷ ቀን ቆጠረችና ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ጋሽ ደቂቃ የያዟት አንድ ሳምንት ነው፣ ጋሼ። አንድ ሳምንት አይበቃም።»

«ሰዓቷን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠግኗት ኖረዋል እኮ። ድሮ ፎቶ አንስተዋት ቢሆንስ?»

«ከሆነማ አሁንም እሳቸው ናቸው።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ አለቃ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። የእኔንም ሰዓት የሚሠሩልኝ እሳቸው ናቸው።»

* * *

የጋሽ ደቂቃ ሱቅ በር ላይ የፖሊስ እሽግ ተለጥፏል። ባለቤታቸው ክንዷን አጣምራ አጠገቡ ቆማለች። ሳጅኑ እሽጉን ሲያነሣ በምላሷ ጠቅ አደረገችው። «ቀስ ብለው ይላጡት፣ ቀለሙን ባለፈው ወር ነው ያስቀባሁት።»

ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ዓይነት ነው። ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ መብራት ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ፊታቸው ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ጀርባቸው ወደ ላይ።

ፎቶም፣ ትርፍ ማሽንም፣ የተደበቀ ሰዓትም አላገኙም። ኢንስፔክተሯ ማጉያውን ዓይኗ ላይ አድርጋ የራሷን ጣት ስትመረምር ሳጅኑ ሣጥኑ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«እነዚህ ደግሞ ለምን ተገለበጡ?»

«ሥራው ነዋ» አለች ባለቤታቸው። «አንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ላይ፣ አንድ ቀን ገልብጦ ያሳድራቸዋል። አንዳንዱ ሰዓት ሲገለበጥ ጠባዩ ይለወጣል ይላል። እሱ ራሱ በጀርባው ከተኛ ያንኮራፋል፣ በጎኑ ሳዞረው ፀጥ ይላል። ለእኔ ያው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ማጉያውን ከዓይኗ አወረደች።

«ጋሼ፣ ምን ነበር ያሉት?»

«እኔ? ምንም። ለምን ተገለበጡ ነው ያልኩት።»

«የካፒቴኑን ልጅ ቃል ሲጽፉ ‹ኮፒ› ብለው ነው የጻፉት?»

ሳጅኑ ትንሽ አፈረ። «ኮፒ ለመዝገብ አይሆንማ። ‹ተመሳሳዩን ሠርቻለሁ ብሎ ነግሮኛል› ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት።»

«እርስዎ አሳምረው ጻፉት። እሷስ? ከጋሽ ደቂቃ የሰማችውን እንዳለ ነገረችን ወይስ እሷም አሳመረችው?»

ሳጅኑ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሣጥኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መኪና ይገለበጣል» አለ በቀስታ። «ድስት ይገለበጣል። ደብዳቤም…»

«ደብዳቤም ይገለበጣል። ልጅቷ ደግሞ ጸሐፊ ናት። እንሂድ።»

* * *

የካፒቴኑ ልጅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማባዣ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ተከምሯል፤ ከእያንዳንዱ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ክፍሎች ስም ተጽፏል።

«አንቺ የተረዳሽውን አልፈልግም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ ደቂቃ የተናገሩትን ቃል ራሱን።»

«ነገርኩሽ እኮ። ኮፒ…»

«ኮፒ የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቷል?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «‹ገልብጫታለሁ፣ ነገ ትደርሳለች›። እንዲህ ነው ያሉኝ። ያው አይደል ታዲያ? ገለበጠ ማለት ኮፒ አደረገ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስገለብጥ ነው የምውለው።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ዘረጋች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልክ አነሣችና በፊቱ አስተኛችው።

«አሁን ምን አደረግኩት?»

«ገለበጥሽ…» ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ማባዣው ወረቀት መትፋቱን ቀጠለ። «ሰውየውን አሳስሬያቸዋለሁ። እኔ ነኝ ያሳሰርኳቸው።»

«ገና ነው። አሁን ሌላውን ንገሪኝ። ሰዓቷን ስትቀበያቸው ምን ትመስል ነበር?»

«ንጹሕ። መስታወቷ ፊቴን ያሳየኝ ነበር።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለአባዬ አትንገሪብኝ። ጭረቷን አጥፍተውባት ነበር። ወልውለው። ደስ ይበለው ብለው ነው፤ እኔ ሳይ ግን ክው አልኩ። አባዬ ያቺን ጭረት ይወዳታል፣ አንድ ክፉ በረራ ላይ ያገኘችው ናት። ‹ይቆጣዎታል› ስላቸው ጋሽ ደቂቃ ላብ አጠመቃቸው። ካላየ አንነግረውም ተባብለን ተለያየን።»

ሰውየው ዓይናቸውን የሰበሩት ለዚህ ኖሯል።

«ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ያለችውን አይተሻታል?»

«አላየኋትም። ገማቹ እንደመጣ የቤቱ ብርሃን አይበቃኝም፣ መብራት ፈልጊልኝ አለኝ። ከጓዳ ይዤ ስመለስ ማሰሪያዋን ፈትቶ ነበር። ወዲያው የእርስዎ አይደለችም አለ፣ አባዬ ተነሣ፣ እኔም ተከተልኩት።»

«አባትሽ መነጽር አድርገው ነበር?»

«አባዬ? እንግዳ ፊት አያደርግም። አብራሪ መነጽር አያደርግም ይላል።»

ሳጅኑና ኢንስፔክተሯ ተያዩ። ልጅቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኗን አመላለሰች። «ምነው? ምን አልኩ?»

* * *

የገማቹ ቢሮ ውስጥ ሰዓቶች ሰማያዊ ከፋይ ላይ ተኝተዋል። መጋረጃው ተስቦ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ገማቹ ኢንስፔክተሯን ሲያይ ደስ አለው፤ ስለ ሰዓት የሚጠይቀው ሰው ይወዳል።

«የጭረቷ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም» አለች ተቀምጣ። «የካፒቴኑ ሰዓት ላይ እንደነበረች በምን አወቁ?»

«ከወራት በፊት መጀመሪያ ሳያት ፎቶ አንስቻታለሁ። ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ሪፖርት፤ ዛሬ የሄድኩት ለመጨረሻው ማረጋገጫ ነው።» ኮምፒዩተሩን አዞረላት። ሰዓቷ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ ከመሙያዋ በኩል ተነሥታለች። አራት ቁጥር አጠገብ ጭረቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ከየአቅጣጫው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሥራዬ ነው።»

«ያ ደግሞ ምንድን ነው?» ከጥግ ወደተቀመጠች ትንሽ ማሽን ጠቆመች።

«መለኪያ። የሰዓቱን ምት ሰምቶ በመስመር ያሳያል። መስመሩ ቀጥ ካለ ሰዓቱ ትክክል ይሄዳል፣ ወደ ታች ከወረደ ይዘገያል።»

«ያሳዩኝ እስቲ።»

ወደ ከፋዩ እጁን ሲዘረጋ አስቆመችው። «የእጅዎን። የባለሙያ ሰዓት ነው ማየት የምፈልገው።» ከእጅጌው ሥር በደብዛዛው ክፍል ውስጥ ሁለት ጠቋሚዎች ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጡ ነበር።

ገማቹ ፈገግ አለ። «የአያቴ ነበረች።» ማሰሪያዋ አዲስ ጥቁር ቆዳ ነው። መስታወቷ ላይ አንድም ጭረት የለም። ፊቷን ወደ ላይ አድርጎ መለኪያው ላይ አኖራት። በትንሿ ስክሪን ላይ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ።

«እንዴት ታምራለች» አለች ኢንስፔክተሯ ከልቧ። «ስትገለበጥስ?»

የገማቹ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ያው ነው» አለ።

«ልየው።»

«አሮጌ ሰዓት ማገላበጥ ጥሩ አይደለም።»

ሳጅኑ ከኋላው መጣና በሁለት ጣቱ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ ሰዓቷን በፊቷ አስተኛት። መስመሩ ለአፍታ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ ከስክሪኑ ግርጌ ጠፍቶ ከላይ እንደገና ብቅ አለና መውረዱን ቀጠለ።

«ካፒቴኑ ማታ ማታ በፊቷ ሲያስተኟት ትዘገይባቸው ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ ደቂቃም ገልብጠው ያሳደሯት ይህንኑ ሊያዩ ነው።»

«ብዙ አሮጌ ሰዓት እንዲህ ነው።»

«ይሆናል። ጭረቷ ግን አንዲት ነበረች። ጋሽ ደቂቃ ወልውለው አጥፍተዋታል፤ ልጅቷ ትናንት ስትቀበላቸው መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ጋሽ ደቂቃ አስመስለው የሚሠሩ ቢሆን ራሳቸው ያጠፉትን ጭረት ለምን ይጨምሩባታል? ኮፒዋን ያሠራው ሰው ሰዓቷን የሚያውቃት ከጥገናው በፊት ብቻ ነው። ፎቶ አንስቶ ልኮ፣ ወራት ጠብቋል። ዛሬ ጠዋት ኪሱ ውስጥ ይዟት መጣ። ልጅቷን መብራት አስመጣት፤ ሽማግሌው ያለመነጽር አጠገባቸው ያለው አይታያቸውም። ኦሪጅናሏ ላይ ጭረቷ እንደሌለች ያኔ እርስዎ ሳያዩ አልቀሩም፤ መመለሻ ግን አልነበረዎትም።»

«አየሁ» አለ ገማቹ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ማሰሪያዋን ስፈታ ነው ያየሁት። ሽማግሌው አይታያቸውም፣ ከእሳቸው ሌላ ማንም አያስታውሳትም አልኩ። ኦሪጅናል ናት ብዬ ብፈርም ደግሞ አንድ ቀን ሌላ ባለሙያ ከፍቷት ይደርስብኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ እናንተ መጣችሁ። ጭረቷን ከማንም በፊት እኔ ባሳይ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።»

«ልትሸጣት ነበር?» አለ ሳጅኑ። «እርስዎ» የሚለው ቀርቷል።

«ልሸጣት?» ገማቹ የተሰደበ ያህል ቀና አለ። «መስታወት ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ሊያኖሯት እኮ ነው። ማንም ላያስራት። መጀመሪያ የያዝኳት ቀን… እናንተ አይገባችሁም። ስንት ሰዓት በእጄ አልፏል፤ እንደሷ ያለ አላየሁም።»

«ጋሽ ደቂቃስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ምናቸው?»

«ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነበር።»

ገማቹ በእውነት እንዳልገባው ሰው አያት። «ስለእሳቸው አላሰብኩም» አለ። ዓይኑ ተመልሶ ወደ ሰዓቷ ሄደ።

* * *

ጋሽ ደቂቃ ተለቀቁ። ሱቁም ተከፈተ። ሰው ግን አልመጣም።

ኢንስፔክተሯ በዚያ ስታልፍ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባለቤታቸው መስታወቱን እየወለወለች በምሬት ታወራለች። «አልፈው ሲሄዱ ሰላም ይሉናል። ‹እንኳን እግዜር አወጣዎት› ይላሉ። ሰዓታቸውን ግን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ያቺ ደጅ የቆመችው ሴትዮ ስትመጣ ሁለተኛዋ ነው፤ ታያለች፣ ትሄዳለች።»

«ተያት» አሉ ጋሽ ደቂቃ። ጠረጴዛቸው ላይ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ ብሎኖችን በመጠን በመጠን እየለዩ ነበር።

ካፒቴኑ የመጡት ያኔ ነው። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። በሌላ እጃቸው የመኝታ ክፍላቸውን መሳቢያ፣ መሳቢያውን እንዳለ፣ ታቅፈዋል። በጠባቡ በር በጎናቸው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያቺ ሰዓታቸውም ከሌሎቹ መሃል ነበረች።

ልጃቸው አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ጋሽ ደቂቃ በእጃቸው ከለከሏት። «አንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የተንተባተብኩት እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም እያቸው» አሉ ካፒቴኑ። «ጊዜ ውሰድ። ደረሰኝ አልፈልግም።»

ጋሽ ደቂቃ መሳቢያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አልነኩትም።

«አንዷን ይተዉልኝ፣ ካፒቴን። ሌሎቹን ይዘው ይሂዱ።»

«ለምን?»

«ሁሉንም ከተዉልኝ ይቅርታ እየጠየቁኝ ነው። አንዷን ከተዉልኝ ግን ሰዓት ሊያሠሩ መጥተዋል።»

ካፒቴኑ ፊታቸው ቀላ። ቆመው አሰቡ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አደረጉትና መሳቢያው ላይ አጎነበሱ። አንዷን አነሡ፣ መለሱ። ሌላዋን አነሡ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ፣ ማንም ልብ የማይላት ሰዓት ይዘው ቀና አሉ።

«ይህቺ ቀኗን ትዘላለች። በእውነት ትዘላለች። ዓርብ አታውቅም።»

«ዓርብ ከሌላት ችግር ነው» አሉ ጋሽ ደቂቃና እጃቸውን ዘረጉ። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ መብራቱን ወደ ታች ሳብ አድርገው ክዳኗን ይከፍቱ ጀመር።

ደጅ የቆመችው ሴትዮ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ገብታ ከካፒቴኑ ኋላ ተሰለፈችና የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች።